ዐምድ አሥራ አራት

አራተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው ያወጣሁት። ሽፋኑ ላይ «የቀሪ ተማሪዎች መቆጣጠሪያ» ይላል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምር ስለምውል አንዳንዴ እንደ ሰው ማውራት ያምረኛል።

ዛሬ የስምንተኛ ክፍል ውጤት መጣ። የመጋዘን ሠፈሩ ትምህርት ቤት ካስፈተናቸው መቶ ልጆች ያለፉት ሠላሳ አንዱ ናቸው። አምና ሠላሳ ስድስት ነበሩ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከአርባ በታች የወረደ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆቹ ለሌሎች ይከፋፈላሉ፤ መምህራኑ «ክፍት ቦታ ሲገኝ ትጠራላችሁ» ይባላሉ። ሲጠሩ አይቼ አላውቅም። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ እዚያ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያች ደመወዝ ነው። ልጇ ድምቡሼም እዚያው ሦስተኛ ክፍል ናት።

አለቃችንን በሌለበት መቶኛ ነው የምንለው። ያለ መቶኛ አፉ አይከፈትም።

«ዘጠና ከመቶ ይዘጋል» አለ።

«አሥሩስ?» አልኩት።

«አሥሩ ያንቺ ቅጽ ነው።»

አራተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

እውነቱን ነው። አዲሱ መመሪያ እንደሚለው ከተማሪዎቹ አንድ ሦስተኛው ተፈናቃይ የሆኑበት ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት አይዘጋም፤ ልዩ ድጎማም ያገኛል። ቅጹ ላይ ዐምድ አሥራ አራት «መነሻ» ይላል። ልጁ የአካባቢው ተወላጅ ከሆነ 1፣ ጦርነቱን ሸሽቶ ከወንዙ ማዶ የመጣ ከሆነ 2። ዐምድ አሥራ አምስት 2 ለተባሉት ብቻ የሚሞላ የቤት ቁጥር ነው፤ ተቆጣጣሪ ላጣራ ቢል ቤቱን እንዲያገኘው። ይህችን የመጨረሻዋን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ መቶኛ አመሰገነኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ጠቅላላ ተማሪ 612። አንድ ሦስተኛው 204። ቆጠራው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ያልቃል።

አምስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ቆጠራውን ለማየት ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። በሦስተኛ ክፍል መስኮት ሥር ሳልፍ የክፍሉ ኃላፊ «ሁለቶች፣ ተነሡ! ልቁጠራችሁ!» ሲል ሰማሁ። አሥራ ስድስት ልጆች ተነሡ። የተቀመጡት ዞር እያሉ አዩአቸው። ድምቡሼ ከተቀመጡት መሐል ነበረች፤ መስኮቱ ላይ ስታየኝ በእጇ ሰላም አለችኝ።

በእረፍት ሰዓት ግቢው «ሁለት! ሁለት!» በሚል ጩኸት ተሞላ። አራት ሆነው አንዱን የስምንተኛ ክፍል ልጅ አንገቱን ይዘው ፊቱን ከቧንቧው ብረት ጋር አጋጩት። አንዴ ሳይሆን ደጋግመው። ጥበቃው ሲደርስ ሁለት ጥርሶች ሲሚንቶው ላይ ነበሩ።

ልጆቹ ጋሼ መዝገብ የሚሏቸው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጎንበስ ብለው ጥርሶቹን አነሡና በሶፍት ጠቀለሏቸው።

«ይህቺን ዐምድ ማን ነው ያመጣት፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ከላይ ነው የመጣችው።»

«ሠላሳ ዓመት መዝገብ ይዣለሁ። ልጅ በስሙ ነው የሚጠራ።»

«ለእነሱው ጥቅም እኮ ነው፣ ጋሼ። ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ።»

ሶፍቱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። «እናቱ ስትመጣ እሰጣታለሁ» አሉ። ጥርስ ለእናት ሰጥተው ምን ልታደርገው ነው? ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

አምስተኛ ሳምንት፣ ዓርብ

191።

ሦስት ጊዜ ደመርኩ። 191። አሥራ ሦስት ጎደለ።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ሞላሁት።

ማንን ጎዳሁ? ማንንም። ጭራሽ ለእነሱ ድጎማ ይመጣላቸዋል። አሥራ ሦስቱንም በየክፍሉ መመደብ ነበረብኝ፤ ከአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ያስነቃል። በመጋዘኑ ዙሪያ የሚኖሩትን ነባሮች መረጥኩ፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ሠፈሩ ያው ነው። 1 ላይ ቀጥታ መስመር አክሎ 2 ማድረግ ስለማይቻል ገጾቹን በሙሉ እንደገና በእጄ ገለበጥኳቸው። የቤት ቁጥር ባዶ ከሆነ ቅጹ ይመለሳል፤ የእያንዳንዱን ትክክለኛ ቁጥር ከድሮ መዝገብ አውጥቼ ጻፍኩ።

ከሦስተኛ ክፍል አንድ ጎደለኝ። የድሮ መዝገቡ እርጥበት መትቶት አይነበብም። በቃሌ የማውቀው የቤት ቁጥር አንድ ብቻ ነው። እትዬ ከመጋዘኑ ቀጥሎ ባሉት ተከታታይ ቤቶች አንዱን ነው የተከራየችው፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥርን። ድምቡሼን 2 ብዬ ጻፍኳት። የመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር። በመስኮት ሰላም ያለችኝ ትዝ አለኝና ከንፈሬን ነክሼ ቀጠልኩ።

ስድስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ጸደቀ! ትምህርት ቤቱ አይዘጋም። እትዬ ቢሮ ድረስ መጥታ አቅፋ ከመሬት አነሣችኝ። ድምቡሼ «እኔንም! እኔንም!» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች። መቶኛ በሩ ላይ ቆሞ «መቶ ከመቶ» አለ።

ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ የእጁን መገጣጠሚያዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀምጧል። በወላጆቻችን ቤት አብረን ነው የምንኖረው። አናጢ ነው፤ የዚያን ትምህርት ቤት ዴስኮች የሠራቸው እሱ ነው። ዘንድሮ የእንጨት ሥራ ቤቱ ከወንዝ ማዶ የመጡትን በግማሽ ደመወዝ ቀጥሮ እሱን አሰናበተው።

«ማንን መታህ?»

«ግድግዳ።»

ሸሚዙን ሳጥብ ደረቱ ድረስ ደም ነበረበት። ግድግዳ አይደማም።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ወንድሜ «እህት ዓለም» ሲለኝ አንድ ነገር እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

«እህት ዓለም፣ የሠፈር ጥበቃ ልናቋቁም ነው። ሰዎቹ የት የት እንዳሉ ካላወቅን እንዴት አድርገን ነው የምንጠብቃቸው?»

«እናንተ ናችሁ የምትጠብቋቸው?»

«ታዲያ ማን ይጠብቃቸው? ፖሊስ?»

የሁለቶቹ ዝርዝር ግልባጭ ጠረጴዛ ላይ ነበር። እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ አልነበረም። ለጥበቃ ነው ብሏል።

ሰባተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

በገበያው ማዶ አንድ የጋሪ ገፊ በድንጋይ ወግረው ገደሉ። ከወንዝ ማዶ የመጣ ነው። ልጅ የለውም፤ ዝርዝሩ ላይ የለም። አይቼ አረጋገጥኩ። ለምን እንዳየሁ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ሰኞ

በሮች ላይ በነጭ ቀለም 2 ተጽፏል። ወደ ሥራ ስሄድ መቁጠር ጀመርኩና ሃያ ሰባት ላይ ተውኩት። አንዲት ሴት በቢላ ስትፍቀው አየሁ። ከኋላዋ ሁለት ጎረምሶች ቆመው ይስቃሉ። ፍቃ ስትጨርስ አንደኛው ቢላውን ከእጇ ቀማትና መልሶ ጻፈው፤ በቢላው፣ እንጨቱ ላይ።

ለመቶኛ ነገርኩት።

«ዝርዝሩ ከእኛ አልወጣም» አለ። ዓይኔን አላየኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሮጬ ወንድሜን «ለማን ነው የሰጠኸው?» አልኩት።

«ለጠባቂዎቹ።»

«የትኞቹ ጠባቂዎች?»

«ከገበያው ማዶ ያሉት ልጆች። ምን ሆነሻል? የሰጠሽኝ አንቺ!»

እትዬ ጋ ደወልኩ። «በርሽ ላይ ቀለም አለ?» አልኳት። «የምን ቀለም?» አለች። ተነፈስኩ። ገና ወደ መጨረሻው ገጽ አልደረሱም ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ሰነፎች ናቸው፣ ማን መጨረሻ ገጽ ያነባል?

ድምቡሼን ይዘሽ እኔ ጋ ነይ ልላት ነበር። ለምን ብትለኝስ? ነገ እላታለሁ።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

አላልኳትም። ስብሰባ ነበር።

ስምንተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ጭስ ከቢሮ መስኮት ይታያል። መጋዘን ሠፈር። ስልኳ አይነሣም። መኪና የለም፣ መንገዱን በጎማ ዘግተውታል። በእግሬ ልሄድ…

ስምንተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ሆስፒታል

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ዓይነት አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

እትዬና የሠፈሩ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ ከቀትር በኋላ ነው የመጡት። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ሰበሩ። ዱላ የያዘው ጥቂቱ ስለነበረ ዴስኮቹን እየገለበጡ እግራቸውን ነቀሉ። ወንድሜ የሠራቸውን። ጠንካራ እንጨት ነው፣ ጫፉ አራት ማዕዘን። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው በተራ ቁጥር ቤት ለቤት ሄዱ። አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ይገባሉ። በቁጥር ሃያ አንድ አባትየውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አውጥተው ደጁ ላይ ጭንቅላቱን ቀጠቀጡት። ቁጥር ሠላሳን ከውጭ ቆልፈው ለኮሱት፤ ሴትየዋ አልወጣችም።

እትዬ ከትምህርት ቤት ድምቡሼን አዝላ ሮጣ ቤት ገብታ ቆልፋ ነበር። በሯ ላይ ቀለም ስላልነበረ ያልፉኛል ብላ ነበር። አንባቢው ግን በበሩ አልሄደም፤ በወረቀቱ ነው የሄደው።

«ሠላሳ ስምንት! እዚህም አለ!»

«እኔ የዚህ ሠፈር ልጅ ነኝ!» ብላ ከውስጥ ጮኸች። «አስተማሪ ነኝ!»

«ስሟ እዚህ ተጽፏል። የልጅሽ ስም ነው አይደለም?» ብሎ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አነበበላት።

እትዬ የልጇን ስም ስትሰማ ነው የደነገጠችው። «አዎ፣ ግን…» አለች። «ግን»ን ማን ሊሰማት። ጡቡ በመስኮት ገባ። ድምቡሼን ከጆሮዋ በላይ መታት። በሩ ሲሰበር እትዬ በላይዋ ተኝታባት ነበር። ክንዷን ሁለት ቦታ ሰብረውታል፣ ከላይዋ ሊያነሷት። ያቆማቸው ከገበያው ማዶ ልጆች አንዱ ነው፤ እትዬ አንደኛ ክፍል ያስተማረችው። «ይቺማ ቲቸር ናት!» ብሎ ጮኸና ሸሹ።

ድምቡሼ አልነቃችም። ጭንቅላቷን ላጭተውታል። እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታል። ነርሷ መጥታ «ወንድሜ፣ ሌላ ቁስለኛ አታብዛብን» አለችው።

እትዬ አንድ ነገር ብቻ ነው ደጋግማ የምትጠይቀኝ። «ስሟ እንዴት እዚያ ገባ? አንቺ ስለ ወረቀት ታውቂያለሽ፣ ንገሪኝ እስኪ።»

«ስሕተት ይሆናል» አልኳት።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ትናንት ጠዋት ሞተች። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ቀበርናት። ቢሮ ለሪፖርት በሐሙሱ ጥቃት ስንት ሰው እንደሞተ ጠየቁኝ። «ሦስት» አልኩ። «ሁለቱ ትክክለኛ ሁለቶች ናቸው።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። መቶኛ ጻፈው። ሽንት ቤት ገብቼ በጥፊ ራሴን መታሁ፤ ጉንጬ እስኪያብጥ። ምንም አልረዳኝም።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ወንድሜ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከገበያው ማዶ ልጆች አንዱን አፍንጫውን ሰብሮ ቀምቶት ነው። የመጨረሻውን ገጽ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሲሰጣቸው አላነበበውም ነበር። ደም የነካው ጣቱን ስሟ ላይ አስቀመጠ።

«ማነው የጻፋት?»

ገጹን ላጥፈው እጄን ሰደድኩ።

«ማነው?! ነባር ሆና ሳለ ማነው 2 ያላት? ይህን የጻፈ ነው የገደላት። እነዚያ ከብቶች ናቸው፣ ያነበቡትን ነው ያደረጉ። የጻፈውን ነው የምፈልገው።»

የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ አሳድጌዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ፈራሁት። እውነቱ ይኸው ነው፣ ፈራሁት።

«ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ትምህርት ቤት ነው» አልኩት።

«ትምህርት ቤት ማን ጋ?»

«መዝገብ ቤት።»

የማንንም ስም አልጠራሁም።

ዘጠነኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ጋሼ መዝገብን ከሥራ ሲወጡ ጠብቆ ወደ ተሰበረው ሦስተኛ ክፍል አስገባቸው። አንድ የተረፈ ዴስክ ነበር። እጃቸውን ዴስኩ ላይ ዘርግቶ በዴስክ እግር ጣቶቻቸውን ሰበረ። አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ መሐል «ማነው የጻፋት?» እያለ። ከዚያ ጎናቸውን።

ከማን ሰማሁት? ከራሱ። እጁን እየታጠበ ነገረኝ።

«አሥሩንም» አለኝ። «አንዲት ቃል አልወጣውም። ያውቃል፣ ግን አይናገርም።»

ፎጣ አቀበልኩት። ሌላ ምን አደረግሁ? ፎጣ አቀበልኩት።

አሥረኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለቱም እጆቻቸው እስከ ክርን በጄሶ ታሽገዋል። ማንኪያ መያዝ ስለማይችሉ ሾርባ አጎረስኳቸው። ከሦስተኛው ማንኪያ በኋላ አፋቸውን ዘጉ።

«ያንቺን 2 አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ጭራዋን ወደ ላይ ታጥፊያታለሽ። የላክሁልሽ መዝገብ ላይ ሕፃኗ 1 ነበረች።»

ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«ለምን አልነገሩትም፣ ጋሼ? ጣትዎን…»

«ወንድምሽ ጥርሱን ነክሶ ያለቅስ ነበር። እየመታኝ ያለቅሳል። እህትህ ናት ብዬ ብነግረው ምን ያደርግ ነበር? አንዲት ቀብራችኋል። ሌላ ላስቀብራችሁ?»

እግራቸው ሥር ተደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ሊያጽናኑኝ አልፈለጉም፤ አልፈርድባቸውም።

«የዚያ ልጅ ጥርስ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ቁልፉ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «ለእናቱ ስጪልኝ።»

አሥረኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ጥርሶቹን ወሰድኩ። የልጁን መስመር በዝርዝሩ ላይ ፈለግሁት። ቁጥር ሠላሳ። እናቱ ከእሳቱ ያልወጣችው ሴት ናት። ልጁ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ሶፍቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

አሥረኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

ድጎማው ተለቀቀ። ሁለቶቹ አብዛኞቹ ሠፈሩን ጥለው ሄደዋል፤ ክፍሎቹ ግማሽ ባዶ ናቸው። ግን የሚታየው የመጀመሪያው ቆጠራ ስለሆነ ለሁለት ዓመት አይዘጋም። መቶኛ «ጭራሽ ውጤቱም ከፍ ይላል» ይላል፤ ሒሳቡን ሠርቶታል።

«መጀመሪያ ዴስክ ነው የሚያስፈልገው። ስድሳ ዴስክ» አለኝ። «ወንድምሽ አናጢ አይደል? ሐዘን ላይ ናችሁ፣ ትንሽ ይደጉማችኋል።»

አንገቱን ልይዘው ፈለግሁ። በእውነት፣ ሁለቱ እጆቼ ተነሥተው ነበር። ከዚያ የማንን አንገት መያዝ እንደሚገባኝ ትዝ አለኝና አወረድኳቸው። «እነግረዋለሁ» አልኩት።

አሥረኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ሥራውን ተቀበለ። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ የዴስክ እግር እየላገ ነው። ምሳ ሳቀርብለት ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሽማግሌው ነገ ከሆስፒታል ይወጣል አሉ።»

«እንዴት ሰማህ?»

«የሆስፒታሉን ዘበኛ ጠይቄ።» የላገውን እግር አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን አየ። «ነገ ስሙን ይሰጠኛል። ካልሰጠኝ እሱ ራሱ ነው የጻፋት ማለት ነው። ያኔ ጣት አይደለም የምሰብረው።»

«ባይሆኑስ? እሳቸው ባይሆኑስ?»

«ታዲያ ማን ነው?»

አየኝ። የድምቡሼ ዓይን ነው ያለው፤ ቤተሰባችን ሁሉ ያቺ ዓይን አለችን። ሳህኑን ይዤ ገባሁ።

ለፖሊስ ደወልኩ። «ገና ያልተፈጸመ ነገር አንመዘግብም» አሉኝ። መቼም መዝገብ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ልጽፈው ነው። መናገር አልቻልኩም፣ መጻፍ ግን ሥራዬ ነው።

ወንድሜ። ሰኞ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ድምቡሼን 2 ብዬ የጻፍኳት እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ጎደለኝ፣ እሷ አሥራ ሦስተኛዋ ናት። ዝርዝሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እጄን ልታጠብ ወጣሁ ብዬ ከዚህ በፊት የጻፍኩት ውሸት ነው። በፖስታ አድርጌ በእጅህ ነው የሰጠሁህ፤ ለምን እንደፈለግኸው አውቅ ነበር፣ ሸሚዝህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የቤት ቁጥሩን ዐምድም ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ያልኩህ ፈርቼህ ነው። ጋሼ መዝገብ ምንም አልጻፉም። ሁሉንም አውቀው አሥር ጣታቸውን የሰጡት ለእኔ ነው። እሳቸው ጋ እንዳትሄድ። የምትፈልገው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ነገር ብቻ። የሰጠሁህን ወረቀት ለሰዎቹ ያቀበልከው አንተ ነህ። ይህን የምጽፈው ከአንተ ጋር ለመካፈል አይደለም። ነገ ብቻህን ስትሆን ራስህ ትደርስበታለህና፣ ያኔ አጠገብህ ሰው አይኖርም ብዬ ነው።

ሶፍቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ደብተሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። የልጁ ስም በዝርዝሩ ገጽ ሰባት ላይ አለ። ሌላ ዘመድ ካለው ፈልገህ ስጥልኝ።

መላጊያው ዝም አለ። ውሃ ሊጠጣ ይሆናል። እግሩ ደረጃው ላይ ነው። ደብተሩን አልዘጋውም።